ደመ ከልብ፦ ተለግሶ የተደፋው ደም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1996 እሑድ ነበር። በእስራኤል እሑድ የሥራ ቀን ነው። በዚያ ዕለት ግን በመላ ሀገሪቱ ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ሥራቸውንም ትምህርታቸውንም ትተው ወደ ኢየሩሳሌም ጎረፉ። አሥር ሺህ ያህል ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰበሰበ። «ደማችን እንደ ደማችሁ ቀይ ነው» የሚል መልእክት ያላቸው ጽሑፎች ተነሡ። ድንጋይ ተወረወረ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ፣ በውኃና በጎማ ጥይት መለሰ። ከሁለቱም ወገን በርካታ ሰዎች ቆሰሉ።

ሀገሬው ደነገጠ። እነዚህ ሰዎች በዝምታቸውና በትሕትናቸው የሚታወቁ ነበሩ። ምን ነካቸው?

ከአራት ቀን በፊት «ማአሪቭ» የተባለው የዕብራይስጥ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። «ማጌን ዳቪድ አዶም» የሚባለው፣ በእስራኤል የቀይ መስቀልን ሥራ የሚሠራውና ደም የሚሰበስበው ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱትን ደም ለዓመታት እየተቀበለ ሲደፋው መኖሩ ታወቀ። ለጋሹ ክንዱን ይዘረጋል። መርፌው ይገባል። ከረጢቱ ይሞላል። ምስጋና ይቀርብለታል። ከወጣ በኋላ ደሙ ይጣላል። ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ወታደሮች ነበሩ፤ ለጓዶቻቸው የሰጡ መስሏቸው ነበር። እውነቱን የነገራቸው አልነበረም።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አለው። ፈሶ በከንቱ የቀረ፣ ጠያቂ ያጣ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል። የውሻ ደም እንደ ማለት ነው።

ባለሥልጣናቱ ሁለት ምክንያት አቀረቡ። አንደኛው የቁጥር ነው። የጤና ሚኒስትሩ ኤፍሬም ስኔህ ከኢትዮጵያ በመጡት መካከል የኤች አይ ቪ ስርጭት ከቀረው ሕዝብ 50 እጥፍ እንደሚበልጥ ተናገሩ። ሁለተኛው የይሉኝታ ነው። «ደማችሁን አንፈልግም» ብሎ ከበር ከመመለስ ተቀብሎ ዝም ማለት ይሻላል፤ ሰዎቹም አይዋረዱም ተባለ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የመጀመሪያው ምክንያት ፈጠራ አለመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርመራ ላያገኘው ይችል ነበር። በዓለም ላይ ያሉ የደም ባንኮችም ለአደጋ የተጋለጡ የሚሏቸውን ሰዎች ይመልሱ ነበር። ስለዚህ ጥንቃቄው በራሱ እብደት አልነበረም።

ታዲያ አሥር ሺህ ሰው የተቆጣው በከንቱ ነው? አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀርተዋል። ቁጥሩ ከየት መጣ? ነገሩስ ለምን ተደበቀ? ለሁለቱም መልስ ለማግኘት ከኢየሩሳሌም ወደ ጎንደር መመለስ ያስፈልጋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሸክላው ይገዛል፣ እጁ ይፈራል

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤላውያን ከሄዱ በኋላም ሸክላዋ ለጎብኚ ይሸጣል። የዚህ ሸክላ ታሪክ የመሬት ታሪክ ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አወጁ፤ «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይተረካል። አዋጁ በዚያው ቃል ወጣም አልወጣ፣ ውጤቱ በግልጽ የሚታይ ነው። ርስት ያጣ ሰው የሌላውን መሬት ጭሰኛ ሆኖ ያርሳል፤ አለዚያም በእጁ ሙያ ይኖራል። ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ ሠራ። ሴቷ ጭቃ ለውሳ ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ሠራች። ሸማኔም ሆኑ፣ ግንበኛም ሆኑ።

ጎረቤት ክርስቲያን ያለ ማረሻ አያርስም፤ ያለ ምጣድም እንጀራ አይጋግርም። ስለዚህ ይገዛል። ነገር ግን ብረትን በእሳት የሚያቀልጥ ሰው ሌላም ኃይል አለው ተብሎ ይፈራ ነበር። «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ፣ ደም ይመጣሉ» ይባል ነበር። እስራኤላዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሃጋር ሳላሞን በ1999 ስለ ቤተ እስራኤላውያንና ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ባሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጅብን ያስገባችው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ሲታመም ተጠያቂው ይታወቃል፤ ሸክላ የሸጠችው ሴት ናት። በሽታው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አይኖርም። መልሱ አስቀድሞ ተገኝቷል።

ቤተ እስራኤላውያንም በበኩላቸው የራሳቸው አጥር ነበራቸው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ይታጠባል። በዚህ ልማድ የተነሣ «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጣላቸው። መንደራቸውም ብዙ ጊዜ ከወንዝ አይርቅም ነበር። ደም ደግሞ ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ነበር። ሥጋ ከመበላቱ በፊት ደሙ ይወጣል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ከመንደሩ ዳር ባለች «የመርገም ጎጆ» ትቆያለች። ጎጆዋን የድንጋይ ክብ ይከባታል። ምግቧ ከዚያ ክብ ጫፍ ላይ ይቀመጥላታል። ብዙ ሴቶች ጎጆዋን ከማገዶና ከውኃ መቅዳት የሚያርፉባት ቦታ አድርገው ያስታውሷታል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ደም ተራ ፈሳሽ አልነበረም። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ንጹሕ ማን ርኩስ እንደሆነ የሚነገርበት ቋንቋ ነበር። ይህን ቋንቋ ተሸክመው ነው የተሰደዱት።

2. አንዲት ጠብታ

በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤላውያን ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። በሩ ተከፈተ። መንገዱ ግን በሱዳን በኩል ነበር። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የወጡት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ ሳምንታት በእግር ሄዱ። በሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ረሃብ ጠበቃቸው። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። ሲደርሱ ሐኪሞች መረመሯቸው። ወባ፣ የሆድ ትላትል፣ የጉበት ቫይረስ፣ የምግብ እጥረት ተገኘባቸው። ኤች አይ ቪ ግን ከሞላ ጎደል አልነበረም። ይህ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቆይቶ ወሳኝ ይሆናል።

ከሐኪሞቹ ቀጥሎ ረቢዎቹ መጡ። በዘመናት ርቀት የተነሣ አይሁድነታቸው ጥርጣሬ እንዳይገባበት የማረጋገጫ ሥርዓት ይፈጸም አሉ። ሴቱም ወንዱም በውኃ እንዲጠመቁ፣ ለተገረዙት ወንዶች ደግሞ ከአካላቸው አንዲት ጠብታ ደም እንድትወጣ ተጠየቀ። በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ሽማግሌ እንደገና ደሙን እንዲያሳይ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ለዚህ እምነት ሲል ከርስቱ ተነቅሏል፤ ቡዳ ተብሏል፤ ልጆቹን በሱዳን ቀብሯል። የደሙ ጥያቄ በተቃውሞ ቀረ። የጥምቀቱ ጥያቄ ግን ስላልቀረ በ1985 መስከረም አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ።

ጎንደር ላይ «ደም ይመጣሉ» ተባሉ። ኢየሩሳሌም ላይ «ደማችሁን አሳዩን» ተባሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ደግሞ የሰጡት ደም መደፋቱን ሰሙ። የ1996ቱ ሰልፈኛ የተቆጣው በአንድ የጋዜጣ ዘገባ ብቻ አልነበረም።

3. ቁጥሩ የተወለደበት ከተማ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በ1985 ያልነበረ ቫይረስ በ1996 እንዴት «50 እጥፍ» ሆነ?

በ1989 መጨረሻ ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን አደሱ። በ1990 ከጎንደር ገጠር የተነሡ ቤተሰቦች ንብረታቸውን ሸጠው ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው በከተማዋ ተጠራቅሞ በጠባብ የኪራይ ቤቶች ወራት ጠበቀ። ገበሬው እርሻ የለውም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ የላትም። ወጣቱ ሥራ የለውም። የቤተሰብ ሥርዓት ላላ፤ በመንደር ዓይን ሥር ያደገው ልጅ በማያውቀው ከተማ ብቻውን ሆነ።

ከተማዋ ደግሞ ያኔ የቀድሞዋ አልነበረችም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቫይረሱ በጦርነት፣ በድህነትና በዋና ዋና የመኪና መንገዶች ታግዞ በከተሞች በፍጥነት ተዛመተ። ቤተ እስራኤላውያን አዲስ አበባ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው።

በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል 14,000 የሚበልጥ ሰው ወደ እስራኤል ተጓዘ። በእነዚህና ከእነሱ በኋላ በመጡት ላይ ኤች አይ ቪ ታየ።

ያው ሕዝብ ነው። ያው እምነት፣ ያው ልማድ፣ ያው ዘር። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተለወጠው የተጠበቀበት ቦታና ጊዜ ነው። የጤና ቢሮው ግን መለያውን ያደረገው «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቃል ነው። በ1984 በሦስት ዓመቷ የመጣች ልጅና በ1991 ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ አንድ ሆኑ። የመንገድ ታሪክ የደም ባሕርይ ተደርጎ ተመዘገበ።

ከዚሁ የአዲስ አበባ ቆይታ ሌላም ትምህርት አለ። በ1990 መጀመሪያ ላይ ሕፃናት በኩፍኝና በሌሎች በሽታዎች በብዛት ይሞቱ ነበር። የእርዳታ ድርጅቶች ክሊኒክ ከፍተው፣ ክትባት ሰጥተው፣ ከማኅበረሰቡ የተመለመሉ ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እንዲዞሩ ሲያደርጉ ሞቱ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። ባህላቸውን የለወጠ የለም። በራቸውን ያንኳኳ ሰው ግን ተገኘ።

4. ከኢየሩሳሌም በፊት ብሩክሊን

ይህ በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት በኒው ዮርክ የሆነው ነገር እጅግ ይመሳሰላል።

በ1983 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለኤድስ የተጋለጡ ብሎ ከዘረዘራቸው ወገኖች መካከል «ሄይቲያውያን» ይገኙበት ነበር። ሌሎቹ የተዘረዘሩት በሚያደርጉት ነገር ወይም ባለባቸው ሕመም ነው፤ ሄይቲያውያን ግን በተወለዱበት ሀገር። ሰዎች ከሥራ ተባረሩ፤ ልጆች በትምህርት ቤት ተሰደቡ። ማዕከሉ በ1985 ስማቸውን ከዝርዝሩ አወጣ። በ1990 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሄይቲያውያንና ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ደም እንዳይለግሱ መመሪያ አወጣ። ኤፕሪል 20 ቀን 1990 ከ50,000 የማያንስ ሰው የብሩክሊንን ድልድይ አቋርጦ ተሰለፈ። መመሪያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሣ።

በዚያ ዘመን በሄይቲ ገጠር ይሠራ የነበረው ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ፖል ፋርመር በ1992 ስለ ኤድስና ስለ ውንጀላ መጽሐፍ ጻፈ። ፋርመር ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ የታመሙትን የሕይወት ታሪካቸውን ጠየቀ። ታሪካቸው ወደ አንድ ግድብ መራው። በ1950ዎቹ የፔሊግር ግድብ ሲሠራ ለሙ ሸለቆ በውኃ ተሸፈነ። ገበሬዎቹ ያለ በቂ ካሳ ወደ ድንጋያማው ኮረብታ ወጡ። መሬት ያጣ ቤተሰብ ልጁን ለግርድና ወደ ዋና ከተማ ላከ። በከተማ ድሃ የሆነች ልጅ ደመወዝ ካለው ወታደር ጋር ተጠጋች። ቫይረሱም በዚያ መንገድ መንደር ገባ። ሐኪሙ በካርዱ ላይ «ኤች አይ ቪ» ብሎ ይጽፋል። «ግድብ» ብሎ የሚጽፍበት መስመር ካርዱ ላይ የለም።

ፋርመር ይህን «መዋቅራዊ ጥቃት» በሚለው ቃል ገለጸው። ማንም በዱላ ሳይመታ፣ በሕግ፣ በመሬት፣ በሥራና በቸልታ የሚደርስ ጉዳት ነው። የርስት ክልከላው፣ የሱዳን መጠለያ፣ የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ሁሉም በዚህ ስም ሊጠሩ ይችላሉ።

5. «ባህላቸው ነው»

ከ1996 በኋላ «ደማቸው» ማለት ነውር ሆነ። በምትኩ «ባህላቸው» ማለት መጣ። ቃሉ የለዘበ ይመስላል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው።

ባህል ምንም ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለች አማርኛ ተናጋሪ ሴት ስለ ጨጓራዋ ልታወራ ትችላለች፤ ቃል በቃል የተረጎመላት ሰው ግን ወደ ልብ ሐኪም ሊያስልካት ይችላል። ሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤንኤዘር ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች ምግብ እምቢ ሲሉ ሐኪሞች በአውሮፓ የሚያውቁትን የአመጋገብ ሕመም ስም እንደሚሰጡት አይቶ ጉዳዩን መረመረ። ሆድ በአማርኛ ኀዘን የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሆድ ይችላል፣ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል። ወላጆቹን በሱዳን ያጣ ልጅ ሆዱ ሞልቷል፤ ለምግብ ቦታ የለውም። ይህን የማያውቅ ሐኪም ሕመሙን ይስታል።

እንግዲህ የሰውን ቋንቋና ልማድ ማወቅ ያድናል። አደጋው የሚመጣው «ባህላቸው ነው» የሚለው ቃል ጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ነው።

የስኳር በሽታን እንመልከት። ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በእነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከሌላው ሕዝብ በላይ ይታይባቸው ጀመር። በጤፍና በጥራጥሬ ፈንታ ነጭ ዱቄትና ስኳር መጣ። ቀኑን ሙሉ ቁልቁለትና አቀበት የሚሄድ ገበሬ በፎቅ ቤት ተቀመጠ ወይም በፋብሪካ ቆመ። መኖሪያ የተሰጣቸው ብዙዎቹ ከማዕከል በራቁና ድህነት ባለባቸው ሰፈሮች ነው። የአመጋገብ ምክር የሚሰጠው በዕብራይስጥ ነበር፤ እናት የሐኪሙን ቃል የምትሰማው በአሥር ዓመት ልጇ አስተርጓሚነት ነው። ይህን «ባህል» ብሎ መጥራት ለሁሉም ይቀላል። ማንንም አያስጠይቅምና።

ወይም የመርፌውን ጉዳይ እንመልከት። በዲሴምበር 2012 የእስራኤል ትምህርታዊ ቴሌቪዥን ባቀረበው ፕሮግራም ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች «ዴፖ-ፕሮቬራ» የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ በመጠበቂያ ካምፕም በእስራኤልም በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው እንደተወጉ ተናገሩ። የተከሰሱት ወገኖች አስተባበሉ፤ ሴቶቹ ራሳቸው መርፌውን ይመርጣሉ፣ በሀገራቸውም የለመዱት ነው ተባለ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ሴቶቹ ምንነቱን መረዳታቸው አጠራጣሪ ከሆነ መርፌው እንዳይታደስ ለጤና ድርጅቶች መመሪያ ጻፉ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው አስገድዶ ስለመውጋት ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

በርግጥም መርፌው በኢትዮጵያ ገጠር የተለመደ ነው። አስገዳጅ ሤራ መኖሩም አልተረጋገጠም። ነገር ግን «ለምደውታል» የሚል መልስ ለሴቲቱ ሌላውን አማራጭ በምትሰማው ቋንቋ ማን እንደነገራት አይመልስም። ምርጫ የሚባለው ነገር ከመረጃ በኋላ ይመጣል።

6. የተከፈተ በር፣ የተዘጋ በር

የ1996ቱ ተቃውሞ መርማሪ ኮሚሽን አስቋቋመ። ሰብሳቢው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን ነበሩ። ኮሚሽኑ ድብቁን አሠራር ነቀፈ። ከዚያ ወዲህ መመሪያው በዘር ስም መጻፉ ቀርቶ ቫይረሱ በሰፊው በሚገኝባቸው ሀገሮች በተወለዱ ወይም በኖሩ ሰዎች ላይ ተመሠረተ። በወረቀት ላይ ለውጥ ነው። በተግባር ግን በእስራኤል በዚያ ሚዛን ተመዝኖ የሚመለሰው በአብዛኛው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

በዲሴምበር 2013 የማጌን ዳቪድ አዶም ሠራተኞች ደም ለመሰብሰብ ወደ ክኔሴት መጡ። የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ለመለገስ ቀረበች። ጎንደር ተወልዳ በሙሴ ዘመቻ በሦስት ዓመቷ የመጣች ናት። አይቻልም ተባለች። ስትከራከር ደሟ ተወስዶ በበረዶ ይቀመጣል፤ ጥቅም ላይ ግን አይውልም ተባለች። ሀገሪቱ ከሠላሳ ዓመት ገደማ ኑሮ በኋላም የምታየው የተወለደችበትን ቦታ ነበር። ጉዳዩ ትልቅ ቁጣ አስነሣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መመሪያው ተሻሻለ። በ2020 ታማኖ-ሻታ ሚኒስትር ሆነች፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ ለዚያ ማዕረግ የበቃ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

ለንጽጽር ያህል፣ በእብድ ላም በሽታ ስጋት ምክንያት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በብሪታንያ የኖሩ ሰዎች በእስራኤልም በሌሎች ብዙ ሀገሮችም ደም እንዳይለግሱ ተከልክለው ነበር። ለእነሱ ግን በር ላይ ተነገራቸው፤ ምክንያቱ ተብራራላቸው፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቅር ተሰኝተው ሊሆን ይችላል። የተዋረደ ግን የለም። አደጋን ለመቀነስ ሰውን ማታለል ግድ አልነበረም።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የተደበቀው ሰዎቹ እውነቱን ሰምተው መሸከም አይችሉም ተብሎ ስለታሰበ ነው። «እንዳይከፋቸው» የሚለው ቃል ደግነት ይመስላል። ሰውን እንደ ሕፃን ማየት ግን በውስጡ አለ። ሕፃን ያለ ምክር ይወሰንለታል፤ ዐዋቂ ግን ይነገረዋል፣ ይጠየቃል፣ ይከራከራል።

የተሻለ መንገድ እንዳለም ታይቷል። በ1998 «ጤና ብሪዑት» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ስሙ አንድን ቃል በአማርኛና በዕብራይስጥ አጣምሮ የያዘ ነው። ከማኅበረሰቡ የወጡ ሠራተኞች ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በአማርኛ ያስተምራሉ፤ ሐኪምና ሕመምተኛ በስልክ አስተርጓሚ የሚነጋገሩበት አገልግሎትም ተጀመረ። የአሥር ዓመቱ ልጅ ከእናቱ ምርመራ ክፍል ወጥቶ ወደ ጨዋታው ተመለሰ ማለት ነው። መድኃኒቱ ያው ነው። ሰሚው ግን ተለወጠ።

7. ጣቱ ወደ ሌላ ብቻ እንዳይቀሰር

ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚያነብ ሰው በእስራኤል ባለሥልጣናት ላይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥፋት የተሠራው በዕብራይስጥ አልነበረም።

ጎንደሬው ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ ያርስ ነበር፤ ቀጥቃጩን ግን ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ማጌን ዳቪድ አዶምም ደሙን በምስጋና ተቀብሎ ሰውየው ሲወጣ ደፋው። የሁለቱ አሠራር አንድ ነው፤ ከሰውየው የሚገኘው ይወሰዳል፣ ሰውየው ግን እንዳይነካ ይደረጋል። አንዱ ምክንያቱን «ቡዳ» አለው፤ ሌላው «የአደጋ ቡድን»። ሁለቱም በሽታን ከሰው ዘር ጋር አስረው፣ ሰዎቹን እዚያ ያደረሳቸውን መንገድ ሳይጠይቁ ቀሩ።

ይህም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በከፋ ማንጆዎች፣ በጣና ዳር ወይጦዎች፣ በደቡብ ፉጋ እየተባሉ የሚጠሩት ሸክላ ሠሪዎች ዛሬም በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሕዝቦች ናቸው። ከእነዚህ ወገን የሆነች እናት የታመመ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ወረፋ ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ አለ? ነርሷስ ዓይኗን እያየች ታናግራታለች? ልጇ በሚቀጥለው ወር ሳይከተብ ቢቀር «ንቃተ ህሊና ስለሌላቸው ነው» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ባለፈው ወር ወረፋው ላይ የሆነውን የሚጽፍ የለም።

አንትሮፖሎጂስቶች ከእነዚህ ታሪኮች ያወጡት ትምህርት በሕክምና ካርድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። «ምን አለብህ?» ከሚለው ቀጥሎ «በየት በኩል አለፍክ?» ብሎ መጠየቅ። ይህን የሚጠይቅ ሐኪም 4,000 ሙታንን፣ የኪራይ ቤቱን፣ የተወሰደውን ርስት ሊሰማ ይችላል። ሁሉን ላያድን ይችላል። ግን የመንገዱን ጥፋት በመንገደኛው ደም ላይ አይጽፍም።

በ1996 ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ሕዝብ «ደማችንን ሳትመረምሩ ለሌላው ስጡልን» አላለም። ጥያቄው ከዚያ ያነሰም የሚበልጥም ነበር፦ ስለ እኛ የምትወስኑትን ለእኛ ንገሩን። የሰው ደም ደመ ከልብ የሚሆነው ሲፈስ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሲቀርም ነው።